ስታርታፕ ወይስ ትልቅ የቴክ ኩባንያ? ከወሎ ሆኖ ሥራን ከኑሮ ጋር ለመመዘን ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ሁለት የሥራ ኦፈር በስልኳ ይዛ ደሴ ወደሚገኘው ቤታችን መጣች። ኮምቦልቻ ተምራ፣ ሁለት ዓመት ሶፍትዌር ስትጽፍ ቆይታለች። አንደኛው ኦፈር አዲስ አበባ ካለ የዘጠኝ ሰው ስታርታፕ (ገና በማደግ ላይ ያለ አዲስ ድርጅት) ነው፤ ከደሴ ሆና እንድትሠራ ተስማምተዋል። ሁለተኛው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ የቴክ ኩባንያ ነው፤ በኮንትራት፣ እሱም ከቤት። "ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል? ማደግ እፈልጋለሁ፤ ግን እማዬን ጥዬ መጥፋት አልፈልግም" አለችኝ።

እኔ ሁለቱንም ቤት አይቻለሁ። አራት ዓመት በአንድ ትንሽ ስታርታፕ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከደሴ ሆኜ ለአንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ እሠራለሁ። ያን ቀን ከእሷ ጋር በወረቀት የሠራነውን እዚህ አስቀምጣለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፦ ሦስት ቀን ብጠፋ ሥራዬን ማን ይይዘዋል? ድርጅቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የእረፍታችሁ ነገር የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ሳምንት ጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከደመወዙ ነው። እናንተ ከሳምንታችሁ ጀምሩ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ከተኛችሁ 56ቱ ሄደ፤ 112 ቀረ። በሕግ የተፈቀደውን 48 ሰዓት ከሠራችሁ 64 ይቀራል። ምግቡ፣ ልብስ አጠባው፣ መንገዱ፣ ጸሎቱ፣ ልጁ፣ ጓደኛው ሁሉ ከዚህች 64 ላይ ነው። በሳምንት 60 ሰዓት የሚያሠራ ቤት ከገባችሁ 52 ብቻ ትቀራለች።

አሁን በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን እንዳለ በዝርዝር ጻፉት። የእኛ አገር ኑሮ ውጭ የተጻፉ መመሪያዎች የማያውቁት ነገር አለው። ቅሬ (እድር) አለ። ቅሬ ወርኃዊ መዋጮ ከፍሎ የሚገላገሉት ነገር አይደለም፤ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከሉ፣ ለቀስተኛ ማስተናገዱ፣ ከሐዘንተኛው ጋር መቀመጡ በአካል መገኘትን ይጠይቃል። የዓርብ ጁምዓ አለ፤ የእሑድ ቅዳሴ አለ። እንደ ብዙው ወሎዬ ዘመዳችሁ ከሁለቱም ወገን ከሆነ ደግሞ መውሊዱም የመስከረም 21 የግሸን ንግሥም የእናንተ ነው።

የጻፋችሁትን በሦስት ክፈሉት፦ የማይነካ፣ የሚገፋ፣ የሚቀር። የማይነካው ላይ ከሦስት ወይም ከአራት ነገር በላይ አታስገቡ፤ ሁሉም የማይነካ ከሆነ መመዘን አይቻልም። የጎረቤታችን ልጅ የጻፈችው እነዚህን ነው፦ ለቅሶ፤ የእሑድ ረፋድ፤ ማታ 1 ሰዓት። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ከእራት በፊት ኢንሱሊን የምትወጋቸው እሷ ናት። ይህች የማታ 1 ሰዓት ኋላ ላይ ብዙ ነገር ወሰነች።

ደረጃ 2፦ ስሞቹን ፍቱ

"ስታርታፕ" የሚለው ስም ገና ደንበኛ ያላገኙ አራት ልጆችንም፣ ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለውን ድርጅትም ይሸፍናል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሰው ነው? ገንዘቡ ከደንበኛ ነው ወይስ ከባለሀብት? ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል? የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ይመስላል እንጂ የእረፍት ጥያቄ ነው። አምስት ወር የሚያስኬድ ገንዘብ የቀረው ስታርታፕ ቀጣዩን ባለሀብት ለማሳመን ይሮጣል፤ ያ ሩጫ የሚሮጠው በእናንተ ማታና ቅዳሜ ነው። አሥራ ስምንት ወር ያለው ግን ትንፋሽ አለው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚቆጣ ባለቤት ካጋጠማችሁ እሱም መልስ ነው።

በትልልቆቹ በኩል ደግሞ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አማዞን፣ ሜታ እያልን እንደ አንድ ቤት እናወራለን። በውስጣቸው ግን እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ጠባይ አለው። የሌሎች ድርጅቶች ሰርቨር የሚቆምበትን ክላውድ የሚጠብቅ ቡድንና ለኩባንያው ሠራተኞች የውስጥ መሣሪያ የሚሠራ ቡድን ሌሊታቸው አንድ አይደለም። ኦፈሩ ላይ የኩባንያው ስም ብቻ ካለ፣ የምትገቡበትን ቡድን ሳታውቁ አትፈርሙ።

"ትልቅ ነው፣ አይነቃነቅም" የሚለውንም እርሱት። ሜታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ወደ 11,000 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በጥር 2023 ደግሞ አማዞን ከ18,000 በላይ፣ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000 አሉ። ከሥራ የወጣው ሰው ጉዳት ይታያል፤ የቀረው ሰው ግን የሁለት ሰው ሥራ ይዞ ሲያመሽ ማንም አይቆጥርለትም። ከቤት መሥራትም ቢሆን ለዘለዓለም የተሰጠ ነገር አይደለም፤ አማዞን ከጥር 2025 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹን በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ እንዲገቡ አዝዟል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ገልብጡት

ሪሞት፣ ማለትም ከቤት ሆናችሁ፣ ለምትሠሩ ሰዎች ይህ ደረጃ ከደመወዙ ይበልጣል እላለሁ። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ የእነሱ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል። የካሊፎርኒያ ሠራተኛ ቢሮ የሚገባበት ጠዋት፣ በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ ለእኛ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የኒው ዮርኩ ጠዋት ለእኛ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። የለንደን ከረፋዱ 5 ወይም ቀን 6 ሰዓት፣ የበርሊን ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት። ናይሮቢ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነው፤ ማይክሮሶፍትም ጉግልም እዚያ የልማት ማዕከል ስላላቸው፣ ለትልቅ ኩባንያ መሥራት የግድ ሌሊት መሥራት ማለት አይደለም።

ስለዚህ "ፍሌክሲብል ነው" የሚለውን ቃል እንዳለ አትዋጡት። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ በሳምንት ስንት ሚቲንግ አለ፣ በማን ሰዓት ነው፣ ስንቱ ላይ መገኘት ግዴታ ነው? በሳምንት ሁለት የማታ ሚቲንግ ይለመዳል። በየቀኑ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ከሆነ ግን ቤታችሁ ውስጥ እየኖራችሁ ከቤታችሁ ትጠፋላችሁ።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲህ ነበር ያሳለፍኩት። እናቴ ቡና የምታፈላው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ሲቀዳ እኔ ኮምፒውተሬን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። በግድግዳው በኩል ቶናው ሲታደል፣ በረካው ላይ ሲመራረቁ እሰማለሁ። ስወጣ ስኒው ታጥቦ ረከቦቱ ላይ ተደፍቷል። ማንም አልተቀየመኝም፤ ግን ከጥቂት ወር በኋላ በሰፈሩ ምን እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ልጅ እንደዳረ የማላውቅ ሰው ሆንኩ። ማናጀሬን ጠይቄ ሚቲንጎቹን ወደ ማክሰኞና ሐሙስ ሰበሰብናቸው። ለመጠየቅ ዓመት መፍጀቴ ይቆጨኛል።

ደረጃ 4፦ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁን ቁጠሩ

ኦን ኮል ማለት ሲስተም ሲበላሽ ስልኩ የሚጮህበት ተረኛ መሆን ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። ተረኞቹ ሁለት ከሆኑ 26ቱ ሳምንት የእናንተ ነው፤ አራት ከሆኑ 13፤ ስምንት ከሆኑ ስድስት ወይም ሰባት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተራው በሠንጠረዥ የወጣ ነው፤ ተራችሁ ካልሆነ ስልካችሁን አጥፍታችሁ መተኛት ትችላላችሁ። ስታርታፕ ቤት "እኛ ኦን ኮል የለንም" ሲሏችሁ ግን ደስ አይበላችሁ። ተራ ከሌለ ሁልጊዜ ተረኛ ናችሁ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በአክስቴ ቀብር ቀን ነው። ቀብሩ ሐይቅ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ አላርፍ አለ፤ የክፍያው ሲስተም ቆሟል። ድርጅቱ ውስጥ ሰባት ነበርን፤ የሰርቨሩን መግቢያ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ጓዳ ገባሁ፤ ላፕቶፔን የጤፍ ጆንያ ላይ ዘርግቼ በስልኬ ኢንተርኔት ሥራ ጀመርኩ። ከውጭ የሴቶቹ ሙሾ ይሰማኛል። አርባ ደቂቃ ያህል ሆኗል፣ አጎቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ "ልጄ፣ አስከሬኑ ወጥቷል" አለኝ። ስደርስ አፈር እየመለሱ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማታ ደውሎ ከልቡ አዝኗል። ግን የእሱ ደግነት ሁለተኛ ሰው አይሆንም። እኔም "ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይማርልኝ" ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እነዚህን ጠይቁ፦ ባለፈው ወር ተረኛው ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሣ? በስንት ደቂቃ ውስጥ መመለስ አለበት? የሌሊቱ ሥራ ክፍያ አለው? በማግሥቱስ ዘግይቶ መጀመር ይቻላል? በ15 ደቂቃ መልሱ ከተባላችሁ፣ ያን ሳምንት ገጠር ያለ ዘመድ መጠየቅ እንደሌለ አስባችሁ ተቀበሉ።

ደረጃ 5፦ ደመወዙን በሰዓት አካፍሉት

ለምሳሌ ስታርታፑ በወር 80,000 ብር ቢሰጥና በሳምንት 60 ሰዓት ቢያሠራ፣ በወር ወደ 260 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 308 ብር ገደማ ይመጣል። ሌላው 70,000 ሰጥቶ 45 ሰዓት ቢያሠራ፣ በወር 195 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 359 ብር። አነስተኛው ደመወዝ በለጠ ማለት ነው። ይህን ስትሠሩ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይሆን ሠራተኞቹ የነገሯችሁን ተጠቀሙ።

ሰዓቱ ለጤናም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ 17 በመቶ ይጨምራል።

አክሲዮንን በተመለከተ፦ ትልልቆቹ የሚሰጡት አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥ ነው፤ ዋጋው ዛሬ ስንት እንደሆነ ማየት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ አማዞን ለረጅም ጊዜ 5፣ 15፣ 40፣ 40 በመቶ እያደረገ ሲሰጥ ኖሯል፤ ማለትም ዋናው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የስታርታፕ የአክሲዮን መብት (ወደፊት አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት) ደግሞ በተለመደው አሠራር አንድ ዓመት ካልሞላችሁ ምንም የለውም፤ ከሞላችሁ ሩቡ የእናንተ ይሆናል፣ የቀረው በየወሩ ይጨመራል። ድርጅቱ ካልተሸጠ ወይም ገበያ ካልወጣ ግን ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ስትመዝኑ የስታርታፑን አክሲዮን ዜሮ ብላችሁ ያዙት። ዜሮ ሆኖም ሥራው ከጣማችሁ ግቡ።

ክፍያው በዶላር ነው ወይስ በብር የሚለውንም ጠይቁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በብር የተዋዋለና በዶላር የተዋዋለ ሰው በአንድ ክረምት ምን ያህል እንደተራራቁ አይተናል።

ደረጃ 6፦ ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑን አረጋግጡ

በአገር ውስጥ ድርጅት በሠራተኛነት ከተቀጠራችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሸፍናችኋል፤ ስታርታፕ መሆን ከሕጉ አያስወጣም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የእረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ የአባትነት ፈቃድ ሦስት ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊትና 90 ቀን በኋላ ነው። ጡረታም አለ፦ እናንተ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የማዕረግ ነው። አዋጁ "የሥራ መሪ" የሚላቸውን አይሸፍንም። አምስት ሰው ባለበት ቤት "የቴክኖሎጂ ኃላፊ" ሲሏችሁ የሥራ መዘርዝሩን አንብቡት። ሁለተኛው ኮንትራክተርነት፣ ማለትም ሠራተኛ ሆኖ ሳይቀጠሩ በውል መሥራት ነው። ከውጭ ኩባንያ ጋር በኮንትራክተርነት ከተዋዋላችሁ ፈቃዱም፣ ትርፍ ሰዓቱም፣ ጡረታውም ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ የለም፤ ያልሠራችሁበት ቀን ያልተከፈላችሁበት ቀን ነው። ስለዚህ የውጩን ኦፈር ስትመዝኑ ከዓመቱ ክፍያ ላይ የምታርፉባቸውን ቀናትና ለጡረታ ራሳችሁ የምታስቀምጡትን ቀንሱ።

ደረጃ 7፦ መብራትና ኔትወርክ

አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። በ2015 ክረምት መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ ሥራቸውን ለማቆየት ቤታቸውን ትተው አዲስ አበባ የወረዱ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ "ኔትወርክ ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ስንት ቀን ትታገሡኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል አስጽፉ። እዚህ ላይ አገር ውስጥ ያለ ትንሽ ድርጅት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ነገሩን ስለሚያውቀው ማስረዳት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ቢያንስ ሁለት መስመር ይኑራችሁ፤ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ጎን ለጎን፣ ከነሱም ጋር ላፕቶፕና ራውተር የሚያቆይ ባትሪ።

ደረጃ 8፦ ለሰዎቹ ደውሉ

ማናጀሩ የሚነግራችሁ የሚፈልገውን ቤት ነው፤ ያለውን ቤት የሚነግራችሁ ሠራተኛው ነው። አሁን የሚሠራ አንድ፣ ለቆ የወጣ አንድ ሰው ፈልጉ። "ሥራው እንዴት ነው?" ካላችሁ "ደህና ነው" ትባላላችሁ። "ባለፈው እሑድ ምን ስትሠራ ዋልክ?" በሉት። "ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ስትወጣ ላፕቶፕህን ይዘህ ነበር የሄድከው?" በሉት። ኦፈሩን የላኩላችሁን ኢሜይሎች ሰዓትም ተመልከቱ፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተላከ የቅጥር ደብዳቤ ብዙ ይናገራል። "እኛ እንደ ቤተሰብ ነን" ካሏችሁ ደግሞ በአክብሮት ጠይቁ፦ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሲታመም ሥራውን ማን ይሠራለታል?

የጎረቤታችን ልጅ ያችን ዋና ጥያቄ፣ "ሦስት ቀን ብጠፋ ሥራዬን ማን ይይዘዋል?" የምትለዋን፣ ለሁለቱም አቀረበች። ትልቁ ኩባንያ ወዲያው መለሰ፦ ቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ነው፣ ተራ አለ፣ ሰው ሲጠፋ ይሸፈናል። ጥሩ መልስ ነው። ችግሩ የዕለት ሚቲንጉ በካሊፎርኒያ ጠዋት ነው፤ በዓመት ለስምንት ወር ያህል በትክክል ማታ 1 ሰዓት ላይ ያርፋል። ይዛወርልኝ አለች፤ አይቻልም አሏት። የስታርታፑ ባለቤት ደግሞ ትንሽ ዝም ብሎ፣ "እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን ማንም የለም" አላት። እሷም፣ "እንግዲያው በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሰው የኔን ሥራ ይማር፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ" አለች። ጻፈላት። በደመወዝ ያነሰውን መረጠች። እናቷ ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ትልቁን ምረጪ እላት ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው ያለበት ተራ ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ከመፈረም በፊትና በኋላ

የተነገራችሁን ሁሉ በአንድ ኢሜይል ሰብስባችሁ "በተነጋገርነው መሠረት" ብላችሁ መልሳችሁ ላኩላቸው፦ የሚቲንግ ሰዓት፣ የኦን ኮል ተራ፣ የኔትወርክ ጉዳይ፣ የሚተካችሁ ሰው። መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። ቸኩሉ ካሏችሁ አንድ ሌሊት ጠይቁ፤ አንድ ሌሊት የማይታገሥ ድርጅት ለቅሶ ስትሄዱም አይታገሥም።

በሕጉ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እናንተም የምትፈትኑበት ጊዜ መሆኑን አስታውሱ። በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። በመጨረሻው ሳምንት ከደረጃ 1 ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡትና፣ የማይነካ ካላችሁት ውስጥ ስንቱ እንደተነካ ቁጠሩ። ከአንድ በላይ ከሆነ፣ የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ደብተሩን ይዛችሁ ማናጀራችሁን አነጋግሩ።